«ጋሼ፣ ቆመብን!»

ሰሊጥ የሚሸት ኮምፒዩተር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ የሰሊጥ ብናኝ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ሆዱ ሲሞቅና ክዳኑ ሲከፈት እሳት ላይ እንደ ተረሳ ሰሊጥ ይሸታል። ባለፈው ነሐሴ መተማ ዮሐንስ ወርጄ ያን ክዳን ስፈታ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና የመጣሁበት ጉዳይ ጠፋኝ። ብሎን መፍቻውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የመጣሁት አንዲት ቃል ለመናገር ነበር፤ ወይ «ይዛወር» ወይ «ይቆይ» ብዬ ወደምኖርበት ወደ ሸሕዲ ልመለስ። እዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አርጅቷል፣ ግን ይሠራል። አሁን በአዲስ ፕላትፎርም እንደገና ተሠርቶ ተዘጋጅቷል፤ አሮጌው ይቅር አይቅር የሚለውን ውሳኔ ግን ለእኔ ተዉልኝ። ያከበሩኝ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደኝም፤ ምክንያቱን ደግሞ ለሰው መናገር የሚያሳፍር ነበር።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። የዛሬው ሣጥን የመጀመሪያው አይደለም፤ ሣጥኑ ሁለት ሦስቴ ተቀይሯል፣ ፕሮግራሙ ግን ያው ነው። የመጀመሪያውን ከጎንደር ያመጣሁት በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ ነው። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነበር፤ ክረምት ከገባማ ጭቃው መኪናውን ይዞ ያሳድረዋል። ሸሕዲ ላይ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ ብርጭቆዋ ትንሽ፣ ስኳሩ እስከ ወገቧ። ፉል በዘይትና በሽንኩርት ተደርጎ ከትኩስ ዳቦ ጋር ሁለት ብር አይሞላም። የአገሩ መሳፍንት የትራክተር ነጂዎቹ ነበሩ። ከሱዳን የገባ የሚያብረቀርቅ ሸሚዝ፣ ጥቁር መነጽር፣ ክንዳቸው ላይ ይሥራ አይሥራ ግድ የማይሰጣቸው ትልቅ ሰዓት። እነሱ ሻይ ቤት ሲገቡ ባለቤቱ ካሴቱን ይቀይራል፤ ዑድ የሚደረደርበት፣ ዘፋኙ አንዱን ቃል ይዞ እስኪሰለቸው ድረስ የሚመላለስበት የማዶ፣ የሱዳን ዘፈን። ቋንቋውን ከፊሉ ሰው አይሰማውም፤ ግን ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ቶብ በሚሉት የሱዳን ረጅም ጨርቅ የተጠቀለሉ ሴቶች ሰንደል ሰንደል እየሸተቱ ትንሿን ድልድይ ወዲህና ወዲያ ይሻገሯታል። ማዶ ሱዳን፣ ገላባት ሄዶ እራት በልቶ መተማ ተመልሶ መተኛት ወግ ነበር። አሁን ድልድዩ አጠገብ ስቆም የማየው ፍራሽና ጀሪካን ተሸክሞ ጦርነት ሸሽቶ ወዲህ የሚሻገር ሰው ነው፤ የሚስቅ ሰው አላየሁም።

ያን ኮምፒዩተር ያስመጡት ሐጂ ዑስማን ናቸው። የሰሊጥ መጋዘንና ሰፋፊ እርሻ የነበራቸው ነጋዴ፤ ነጭ ጀለቢያ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ጥምጥም፣ አፋቸው ላይ አማርኛና ዓረብኛ ተደባልቆ። እኔ ጎንደር የሒሳብ መምህር ነበርኩ። የኮምፒዩተር ኮርስ ወስጄ ፕሮግራም መጻፍ ሲገባኝ፣ ሰው ያገናኘንና «ለአንድ ክረምት» ብዬ ወረድኩ። ያ ክረምት እስካሁን አላለቀም። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ መጥታ ሞክራዋለች። ሕፃኑን ወባ ሲያመላልሰው ግን ወደ ጎንደር ተመለሰች፤ እኔም «መኸሩ ሲያልቅ እመጣለሁ» አልኩ። መኸር ደግሞ በየዓመቱ አለ። ሳንፋታም ሳንኖርም ቀረን። ልጁ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ በዓል ሲሆን ይደውላል። «እንዴት ነህ አባቴ» ይላል፤ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋናል።

መጀመሪያ የጻፍኩት ፕሮግራም ጆንያ የሚቆጥር ብቻ ነበር። ሰው መመዝገብ የጀመረው በአንድ አባት ምክንያት ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ የቆላ ወግ ልንገራችሁ። ለአጨዳ ቆላ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ሁለት ስም አለው። አንዱን እናቱ ናት ያወጣችለት፤ ሌላውን ጓደኞቹ። ከጎጃምና ከወሎ፣ ከላይ ከደጋው ተሳፍረው ሸሕዲ ሲራገፉ አንዱ አበባው ነው፣ ሌላውም አበባው ነው፣ ከኋላ የሚወርደውም አበባው ነው። ካቦው፣ ማለት የቡድኑ አለቃ፣ «አበባው!» ብሎ ሲጣራ ሁሉም ዞር ይልበታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም ያወጣለታል። ራዲዮ ይዞ የመጣው «ራዲዮ» ይባላል፤ ቆሞ ማዘዝ የሚወደው «ጄኔራል»፤ ምግብ ሲቀርብ የማይምረው «አንበጣ»። ሳምንት ሳይሞላ እናትየው ያወጣችው ስም ይረሳል። አጠገቡ የሚተኛው ጓደኛው እንኳ አያውቀውም፤ መጠየቅም ነውር ይመስላል። ቤት የቀሩት ደግሞ የበረሃ ስሙን ከየት ያምጡት?

አንድ ጥቅምት ላይ ከጎጃም የወረዱ አባት መጋዘኑ በር ላይ ቆሙ። በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበዋል፤ ዱላቸውን ተደግፈው ቁመታቸው ለሁለት የታጠፈ ሽማግሌ። «አበባው የሚባል ልጅ ነበረኝ፤ እናቱ ታማ ስሙን እየጠራች ነውና ፈልጌ ልወስደው» አሉ። ስልክ በየኪሱ ያልገባበት ዘመን ነው። ሐጂ በትራክተር አስጭነው ወደ መጀመሪያው እርሻ ላኳቸው። እዚያ አበባው ተብሎ ሲጠራ የተነሱት ሁሉ መጡ፤ ሽማግሌው አንድ በአንድ ፊታቸውን እያዩ «የእኔ አይደለም» አሉ። ወደ ሌላው እርሻ ሄዱ። ከዚያም ወደ ቋራ አቅጣጫ፣ እስከ ገለጉ ድረስ ሄደው በእግራቸው ፈለጉ። ሲያጡት ተመለሱ፤ ሐጂ ስንቅ ሰጥተው አሳፈሯቸው። ልጁ ለካ እዚያው መጀመሪያው እርሻ ላይ ነበር። ወባ ጥሎት ዳሱ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጓደኞቹ የሚያውቁት አንበጣ የሚባል ሰው እንጂ አበባው የሚባል አልነበረም፤ «አንበጣ ታሞ ተኝቷል» ብለው ለአባትየው ለምን ይንገሯቸው? ሲሻለው በወሬ መሃል «አንድ ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው አበባው የሚባል ሲፈልጉ ነበር» አሉት። በዚያው ተነስቶ ሄደ። ቢደርስ እናቱ ተቀብራለች። ይሄንን የነገረን ራሱ ነው፣ በዓመቱ ለአጨዳ ሲመለስ፤ ሲነግረን እንኳ በአባቱ እንጂ በማንም አልተቆጣም። «ለምን ዳሱን አላዩም?» ይል ነበር ደጋግሞ።

ሐጂ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ከሰዓት በኋላ መጥተው ከኋላዬ ቆሙና፣ «ያ ዞል» አሉኝ፤ በማዶው አነጋገር «አንተ ሰው» ማለታቸው ነው። «ያ ዞል፣ ይሄ ሳጥንህ ሁለቱንም ስም ይጻፍ። የእናቱንም፣ የበረሃውንም። ወላሂ ይሄ ካልገባበት ገላባት ወስጄ እሸጠዋለሁ!»

ገባበት። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ የበረሃ ስም ያልተጻፈለትን ሰው አያሳልፍም። አዲስ ወራጅ ከሆነና ስም ገና ካልወጣለት «ገና» ተብሎ ይጻፍለታል፤ ካቦው በሳምንቱ ለስንቅ ሲመጣ ያስሞላል። የሚገርማችሁ፣ ሠራተኞቹ ወደዱት። «የእኔን ጻፍከው ወይ?» እያሉ መስኮቱ ላይ ይጋፋሉ። ስልክ እየተስፋፋ ሲሄድ ደግሞ ከወሎም ከጎጃምም ይደወልልን ጀመር። እህት ትደውላለች፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም ትናገራለች፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጩ ፊደል ይወጣል፤ «አለ፣ እከሌ እርሻ ላይ ነው» እንላታለን። ወደ እርሻው ደግሞ በበረሃ ስሙ መልእክት ይላካል። ዛሬም ቢሆን ስልኩ ባትሪ የጨረሰ፣ ወይ ችግር ሲገጥመው የሸጠው፣ ወይ ኔትወርክ በሌለበት የሰነበተ ሠራተኛ ሞልቷል።

እንግዲህ የእኔ ኑሮ በዚያ ፕሮግራም ላይ ተንጠለጠለ። ከመስከረም መገባደጃ ጀምሮ አጨዳው ሲደርስ ስልኬ ይጮኻል። «ጋሼ፣ ቆመብን!» ይላል አንዱ የቢሮ ሠራተኛ። «አጥፍታችሁ አብሩት» እላለሁ። «አጥፍተን አበራነው።» «እንደገና አጥፉት።» አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። እነሱም መድኃኒቱን ያውቁታል፣ እኔም እንደሚያውቁት አውቃለሁ፤ ግን ይደውላሉ። አልነሳ ያለ ጊዜ ሚኒባስ ይዤ ከሸሕዲ እወርዳለሁ። ሐጂ በሕይወት ሳሉ ምሳ ሳልበላ ኮምፒዩተሩን አያስነኩኝም ነበር። «ቆሟል አይደል? ኸላስ፣ በቃ! የቆመ ነገር የትም አይሄድ፤ ብላ» ይላሉ። ሥራው አጭር ነው፣ ወሬው ግማሽ ቀን ነው። የዱቄቱ ወሬ፣ የትራክተሩ ወሬ፣ ካቦው ያገባት ሁለተኛ ሚስት ወሬ። ሐጂ ሲሞቱ ልጃቸው ዘሀራ መጋዘኑን ያዘች፤ እሷም የአባቷን ወግ አላጓደለችም፣ ትሪው ይቀርባል። መኸሩ ካለፈ በኋላ ግን ስልኬ ሰዓት ማያ ነው። የሸሕዲ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሚኒባሶቹ ተሳፋሪ ሲጣሩ እሰማለሁ። ሁሉም ስም ይጠራል፤ «መተማ! መተማ! ጎንደር! ጎንደር!»። የእኔን የሚጠራ የለም። ሰው ምን ይላል ብዬ ስደብቀው የኖርኩትን ዛሬ ልናገረው፦ ፕሮግራሙ የሚበላሽበትን ቀን እንደ ዘመድ እጠብቀው ነበር።

ሐምሌ ላይ ዘሀራ ደወለች። በመኸር ብቻ የምትደውል ሰው በክረምት ስትደውል ደስ ብሎኝ ብድግ አልኩ። «ጋሼ፣ አንዲት የሸሕዲ ልጅ አዲስ ፕሮግራም ሠርታልኛለች። ያንኑ የእርስዎን ነው፣ በስልክ የሚሆን። ያለ እርስዎ ቃል ግን አላስነካም። አባባ ሊሞት ሲል 'ያለ እሱ ፈቃድ እንዳትነኩት' ብሎኛል» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። እውነቱን ከተናገርን የሚያከራክር ነገር አልነበረውም። ያን ፕሮግራም የጻፍኩበትን መሣሪያ የሠራው ኩባንያ ከተወው ዘመን ሆኖታል። አዲስ ኮምፒዩተር አይቀበለውም፤ ያረጀ ካልተፈለገ በቀር መጫኛ የለም። የሚጠግነው ሰው ደግሞ በዚህ አገር እኔ ብቻ ነኝ፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። አንድ ቀን ጥቅምት ላይ እኔ ብወድቅ የዚያ ሁሉ ሰው ስም አብሮኝ ይወድቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ ግን ለራሴ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያልኩ እተርት ነበር። የሚሠራን ነገር ምን አነካካው? እያልኩ፣ እንከን ፈልጌ ለማግኘት ወረድኩ።

ልጅቷ ትዕግስት ትባላለች። አባቷ ትራክተር ነጂ ነበር፤ ከነዚያ ባለመነጽሮች አንዱ መሆን አለበት። ስገባ ከወንበሯ ተነሳች።

«እንዴት ሰነበቱ ጋሼ። እንዳይቀየሙኝ፣ ምንም ከመሥራቴ በፊት የእርስዎን ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ።»

«ያን ቋንቋ ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ሲነበብ ይገባል'ኮ፤ አጥርተው ነው የጻፉት።»

ስንት ሌሊት ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን፣ ሚስቴ እንኳ «ጉንዳን የሄደበት ወረቀት» የምትለውን ነገር ከእኔ ሌላ ያነበበው ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ያነበበችው ልታስቀረው ነው።

ክዳኑን ፈትቼ አቧራውን ያየሁት ያኔ ነው፤ የምሠራው ነገር ያለ ለማስመሰል። ሽታው ወስዶ መለሰኝ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሬ ፈተናዬን ጀመርኩ።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ስልክ ነው ጋሼ፤ ባትሪ አለው።»

«ኔትወርክ ሲጠፋ? የማዶው የሱዳን ኔትወርክ ስልኩን ሲጎትተው?»

«ስልኩ ላይ ይይዘውና ሲመለስ ይልከዋል። ካቦው እዚያው እርሻው ላይ ሆኖ መመዝገብ ይችላል።»

ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። የመጨረሻዋን ጥያቄ ግን ለብቻዋ ሸሽጌ ይዣታለሁ። ሸሕዲ ላይ ሳስብ ያደርኩት እሷን ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ አንድ ስልክ ቁጥር ብሎ የሚያስብ ወጣት ይሄን አያስታውሰውም ብያለሁ። ከረሳችው አበቃ፤ «ይቆይ» እላለሁ፣ ቀና ብዬም ወደ ቤቴ እገባለሁ።

«በይ እስቲ አንድ ሰው መዝግቢልኝ» አልኳት። «አበባው በይው። ከጎጃም።»

ጻፈች። አገሩን፣ ቀበሌውን ጻፈች። ከዚያ መመዝገቢያውን ነካችው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያልፍ ጸለይኩ። አላለፈም። ስልኩ ቆመና «የበረሃ ስም?» ብሎ ጠየቀ፤ ከሥሩ ደግሞ በትንሽ ፊደል «ገና» የሚል ምርጫ አለ።

«ይሄን ማን ነገረሽ?» አልኩ። ድምፄ ተቆጥቶ ወጣ መሰለኝ፣ ደንገጥ አለች።

«ፕሮግራምዎ ውስጥ አለ'ኮ ጋሼ። ደግሞስ እዚህ ያደገ ሰው ይሄንን ይረሳል? አባቴን ሰው ሁሉ 'ዶዘር' ሲለው ነው የኖረው፤ ስሙን ያወቅኩት ትምህርት ቤት ስመዘገብ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አስጠግታ፣ «ፎቶም ጨምሬበታለሁ። ሲመዘገቡ እንነሳቸዋለን። ዘሀራ የእኒያን ሽማግሌ ነገር አጫውታኝ ነበር። እንደሳቸው ያለ ሰው ቢመጣ ስም አያስፈልገውም፤ ፎቶውን አይቶ 'ይሄ ነው ልጄ' ይላል» አለችኝ።

ይሄ ለእኔ አልታየኝም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አልታየኝም።

«እንግዲህ ጋሼ» አለች ዘሀራ፣ «እርስዎ ነዎት የሚነግሩን። ይቆይ ካሉም ይቆያል፤ እኔ ምንም አይከፋኝም።»

ውሸት መናገር እችል ነበር። «ሲዛወር የሚጠፋ ነገር ይኖራል፣ ዘንድሮን ይለፍ» ብል ሁለቱም ያምኑኛል። አንድ መኸር ብቻ። አንድ መኸር ማንን ይጎዳል? ጋቢያቸውን ደርበው የሰው ልጅ ፊት እያዩ «የእኔ አይደለም» ያሉት አባት ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ዘንድሮ የሚወርደው አባት የማን አባት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

«ይዛወር» አልኩ።

«እሰይ! ዕድሜ ይስጥዎ!» አለች ዘሀራ፤ ትዕግስት አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ምሳ ቀረበ። በላን። ስሞቹ ወደ አዲሱ ሲዛወሩ ቁጭ ብዬ አየሁና አሮጌውን ኮምፒዩተር በእጄ አጠፋሁት፤ ሲጠፋ ማራገቢያው ትንሽ ዞሮ ዝም አለ። ሚኒባስ ውስጥ ስገባ አጠገቤ ከደጋ የወረደ፣ ፊቱ ገና ፀሐይ ያልነካው ወጣት ተቀምጦ ነበር። «ስምህ ማነው?» ልለው አሰብኩና ተውኩት።

ጥቅምት ገባ። ስልኬን በየማታው ቻርጅ አደርጋለሁ፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌዋለሁ። ገበያ ስሄድ ኪሴ ውስጥ እዳብሰዋለሁ። ሚኒባሶቹ ሠራተኛ እያራገፉ እየጫኑ ያልፋሉ፤ መኸሩ እንደ ወትሮው ነው። አንድ ቀን ጮኸልኝና ሩጬ ባነሳው የቴሌ ማስታወቂያ ነው። ወሩ ሊጋመስ ሲል አልቻልኩም፤ ራሴ ደወልኩ።

«ጋሼ! ደህና ነዎት? ምነው፣ በሰላም ነው?» አለች ዘሀራ። ከኋላዋ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ይሰማል፤ ጆንያ ሲወድቅ፣ አንድ ሰው የሚያስቅ ነገር ተናግሮ ብዙ ሰው ሲስቅ ይሰማል።

«በሰላም ነው። እንዲያው ፕሮግራሙ እንዴት ሆነላችሁ ብዬ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! ኧረ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረን። እርስዎንም አሳረፍንዎት።»

«ጥሩ» አልኩ። «በጣም ጥሩ።»

«ሌላ የፈለጉት ነገር ነበር ጋሼ?»

ምሳ ልምጣ ማለት ፈልጌ ነበር። ግን ይሄን ሁሉ ዘመን ያለ ብልሽት እዚያ ቤት ሄጄ አላውቅም፤ ሰው ዝም ብሎ፣ ሰው ስለሆነ ብቻ፣ እንዴት ብሎ እንደሚሄድ አላወቅኩበትም።

«የለም» አልኳት። «ሰላም ልላችሁ ብዬ ነው።»